ዲስኩ አለ፣ ሊኑክሱ ግን አያየውም፦ ለኢሜጅ ሲስተም የዲስክ ድራይቨር ለመጨመር የቱን መንገድ እንምረጥ?

ባለፈው ክረምት አዘዞ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ጠራኝ። የኮምፒውተር ክፍላቸውን ሊያድሱ 24 ላፕቶፖች ገዝተዋል፣ ሁሉም አንድ ሞዴል። ሥራው ቀላል ይመስላል። አንዱን ላፕቶፕ በደንብ ማዘጋጀት፣ ኢሜጁን (የዲስኩን ሙሉ ቅጂ) ፎግ በሚባለው የኔትወርክ ኢሜጅ ሲስተም ወደ ሰርቨር መውሰድ፣ ከዚያ በኔትወርክ ለቀሪዎቹ 23 መዘርጋት። ከሰዓት ጀምሬ ማታ ቤቴ እገባለሁ ብዬ ነበር የወጣሁት።

የመጀመሪያው ላፕቶፕ በኔትወርክ ተነሳ፣ የፎግ ጽሑፍ መጣ፣ ከዚያ ዲስክ አላገኘሁም ብሎ ቆመ። የክፍሉ ኃላፊ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው፣ ከኋላዬ ቆመው ያያሉ። «ልጄ፣ ዊንዶውሱ አሁን ሲሠራ አይተነው የለም እንዴ? ዲስክ ከሌለው በምን ተነሳ?» አሉኝ።

ልክ ናቸው። ዲስኩ አለ። የጎደለው ፎግ ውስጥ ያለው ትንሹ ሊኑክስ ከዲስኩ ጋር የሚነጋገርበት ድራይቨር ነው። ይህን ለማስተካከል ደግሞ መንገዱ አንድ አይደለም፣ ቢያንስ አምስት ነው፣ የተሳሳተውን ከመረጣችሁ ቀኑ ያልቃል። እኔ ያን ጊዜ ሁለት መንገድ ሞክሬ አንድ ቀን ተኩል ጨረስኩ፣ ሦስተኛው ሙከራዬ ግን አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ጎንደር ውስጥ ከፒያሳ ጥገና ቤቶች ጀምሮ እስከ ኮሌጆች ላብ ድረስ ይህንኑ ሥራ የሚሠሩ ብዙ ልጆች አውቃለሁና የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

የማወራው ስለ ፎግና ከፍላሽ ተነስቶ ኢሜጅ ስለሚሠራው ስለ ክሎንዚላ ነው፣ በእጄ የሠራሁባቸው እነሱ ስለሆኑ። ሬስኪውዚላ የምትጠቀሙም ብትሆኑ ስለ ክሎንዚላ የምለው አብዛኛው ለእናንተም ይሠራል።

መጀመሪያ መመዘኛው

የቱ ይሻላል ከማለታችን በፊት በምን እንደምንመዝን እንስማማ።

ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ ይህ ነው፦ እጃችሁ የት ላይ ነው የሚያርፈው? አንዳንዱ መንገድ እያንዳንዱን ማሽን አንድ በአንድ ያስነካችኋል። ሌላው ሰርቨሩን ወይም ፍላሹን አንዴ ነክታችሁ የምትገላገሉት ነው። ለ3 ላፕቶፕ ልዩነቱ ምንም አይደለም። ለ60 ላፕቶፕ ግን ቀናት ነው።

ሁለተኛው፣ ማሽኑ ላይ ያለው ዊንዶውስ ይተርፋል ወይ? ዲስኩን ጠርጋችሁ አዲስ ኢሜጅ የምትጭኑ ከሆነ ግድ የለም። የሰው ፋይል ያለበትን ማሽን ባክአፕ የምታደርጉ ከሆነ ግን ይህ ከሁሉም ይቀድማል።

ሦስተኛው ኢንተርኔት ነው። 10 ሜጋባይት ማውረድና 500 ሜጋባይት ማውረድ በሞባይል ጥቅል ለሚሠራ ሰው አንድ አይደሉም። አራተኛው መብራት ነው፦ መሃል ላይ ቢጠፋ ሥራው ከየት ይቀጥላል? አምስተኛውን ብዙዎቻችን እንረሳዋለን። ከስድስት ወር በኋላ ሌላ ሞዴል ላፕቶፕ ቢመጣ፣ እናንተ ባትኖሩ፣ የቀረው ሰው ሊያስተካክለው ይችላል?

ከመምረጥ በፊት ምርመራ

ይህን ክፍል እንዳትዘሉት። እኔ ስለዘለልኩት ነው ቀኑ የጠፋው።

ፎግ ላይ ዲበግ የሚባል የታስክ ዓይነት አለ። ማሽኑን በኔትወርክ አስነስቶ፣ ዲስኩን ሳይነካ፣ ትእዛዝ የሚጻፍበት ጥቁር ስክሪን ላይ ያቆመዋል። ክሎንዚላም ከሜኑው ወደ ትእዛዝ መጻፊያ ያስገባል። እዚያ ሦስት ትእዛዞች ይበቁናል። ኤልኤስብሎክ ሊኑክሱ ያያቸውን ዲስኮች ይዘረዝራል። ኤልኤስፒሲአይ ማዘርቦርዱ ላይ ያሉትን ዕቃዎች ይዘረዝራል፤ ከኋላው ሰረዝ አድርጋችሁ ሁለት ኤን እና አንድ ኬ ከጨመራችሁበት የእያንዳንዱን መለያ ቁጥርና የያዘውን ድራይቨር ያሳያል። በኢንቴል ዕቃ መለያ ላይ መጀመሪያ የሚመጣው 8086 ነው። ዲሜስጅ ደግሞ ከርነሉ (የሊኑክሱ እምብርት) ሲነሳ የተናገረውን በሙሉ ያወጣላችኋል።

አሁን የምታዩትን ተመልከቱ።

ኤልኤስብሎክ ባዶ ሆኖ ኤልኤስፒሲአይ ላይ «ቮሊዩም ማኔጅመንት ዲቫይስ» የሚል የኢንቴል መስመር ካገኛችሁ፣ ችግሩ ቪኤምዲ ነው። በ2020 ከወጣው ከ11ኛው ትውልድ ኢንቴል ጀምሮ ብዙ ላፕቶፖች ይህን አብርተው ነው ከፋብሪካ የሚወጡት። ቪኤምዲ ኤንቪኤምኢ የሚባለውን የአዳዲስ ላፕቶፖች ዲስክ ከራሱ ጀርባ ይደብቀዋል፣ ስለዚህ ከርነሉ የቪኤምዲ ድራይቨር ከሌለው ዲስኩን ጨርሶ አያየውም። ደስ የሚለው ነገር ድራይቨሩ ዋናው የሊኑክስ ከርነል ውስጥ ከ4.5 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2016 ጀምሮ አለ። አዳዲስ ፕሮሰሰሮች በወጡ ቁጥር ግን መለያ ቁጥራቸው እየተጨመረ ነው የሄደው፣ ስለዚህ ድራይቨሩ ያለው አሮጌ ከርነል አዲሱን ማሽን ላያውቀው ይችላል።

ዲሜስጅ ላይ «ሪማፕድ ኤንቪኤምኢ» የሚል ቃል ያለበት፣ ባዮሱን ከሬይድ ወደ ኤኤችሲአይ ቀይሩ የሚል መስመር ካያችሁ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ባዮስ ከዊንዶውሱ በፊት የሚመጣው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ነው፣ ሬይድና ኤኤችሲአይ ደግሞ ዲስኩ የሚያዝባቸው ሁለት ሁነታዎች ናቸው። ይህ ከ11ኛው ትውልድ በፊት በነበሩ ማሽኖች ላይ ይታያል፣ ያገለገሉ ሆነው በብዛት የሚመጡት ደግሞ እነዚህ ናቸው። ለዚህኛው ዋናው ከርነል ውስጥ ድራይቨር የለም። ሊያስገቡ የሞከሩ ሰዎች ነበሩ፣ ተቀባይነት አላገኘም። ስለዚህ ይህን መስመር ካያችሁ አዲስ ከርነል ማውረድም፣ ከርነል መገንባትም ልፋት ብቻ ነው። በቀጥታ ወደ መጀመሪያው መንገድ ሂዱ።

ኤንቪኤምኢው በኤልኤስፒሲአይ ታይቶ፣ ድራይቨር ይዞት፣ ዲሜስጅ ላይ ግን ታይምአውት እያለ የሚጠፋ ከሆነ ድራይቨር አልጎደለም። የዲስኩ ኃይል ቁጠባ ሊሆን ይችላል፣ በከርነል አርጉመንት የኤንቪኤምኢውን የኃይል ቁጠባ መዘግየት ዜሮ አድርጋችሁ ሞክሩት።

ርካሽ ትንንሽ ላፕቶፖች ላይ ዲስኩ ብዙ ጊዜ ኢኤምኤምሲ የሚባለው ዓይነት ነው። ስሙ ከተለመደው ይለያል፣ ኤምኤምሲብሎክ 0 ይባላል። ድራይቨሩ ኖሮ ፎግ ሊመርጠው ካልቻለ በሆስቱ (በዚያ ማሽን) ገጽ ላይ ዋና ዲስክ በሚለው ቦታ ስሙን ጻፉለት፣ አለቀ።

ሰርቨር ላይ የሚሠራ ሰው ደግሞ ዲስኮቹ የተሰኩበትን የሬይድ ካርድ ያያል። መለያው በ1000 የሚጀምር ከሆነ የኤልኤስአይ ካርድ ነው፣ ድራይቨሩ ሜጋሬይድ-ሳስ ወይም ኤምፒቲ3ሳስ ነው። የኤችፒ ስማርት አሬይ ከሆነ ኤችፒኤስኤ ነው፣ አዲሱ ከሆነ ስማርትፒኪውአይ። በእርዳታ የመጡ አሮጌ ሰርቨሮች ያሏችሁ አንድ ነገር እወቁ፦ ሬድሃት 8 የሚባለው የሊኑክስ እትም የብዙ አሮጌ ካርዶችን መለያ ከድራይቨሮቹ ውስጥ አውጥቷል። በእሱ ላይ የተሠራ የኢሜጅ ሲስተም ካርዱን አያየውም፣ በዴቢያን ላይ የተሠራው ግን ያየዋል። ካርዱ ተበላሸ ብላችሁ እንዳትጥሉት።

አንደኛው መንገድ፦ ባዮስ ላይ መቀየር

ድራይቨር አትጨምሩም። ባዮስ ገብታችሁ ቪኤምዲውን ታጠፋላችሁ ወይም ሬይድ የሚለውን ወደ ኤኤችሲአይ ትቀይራላችሁ፣ ከዚያ በኋላ ማንኛውም ደህና ከርነል ዲስኩን ያያል። ኢንተርኔት አይፈልግም። ሁለት ደቂቃ ነው።

ጣጣው ዊንዶውሱ ላይ ነው። በቪኤምዲ የተጫነ ዊንዶውስ በድንገት ወደ ኤኤችሲአይ ሲቀየርበት ሰማያዊ ስክሪን ያወጣል፣ «ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ» ይላል። አዘዞ ላይ መጀመሪያ ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ሦስት ሰዓት ያዘጋጀሁት ዋናው ላፕቶፕ አልነሳም አለ። ዊንዶውሱ አልጠፋም፣ ባዮሱን ወደ ነበረበት ስመልሰው ተነስቷል፣ ግን ይህን እስካውቅ ድረስ ሙሉ ጠዋት አለፈ።

ዊንዶውሱን ሳያጡ ለመቀየር መንገድ አለ። መጀመሪያ ዊንዶውስ ውስጥ ኤምኤስኮንፊግ ገብታችሁ በሴፍ ሞድ እንዲነሳ አድርጉ። ዳግም አስነሱት፣ ወዲያው ባዮስ ግቡና ቀይሩ። ዊንዶውሱ በሴፍ ሞድ ሲነሳ የኤኤችሲአይና የኤንቪኤምኢ ድራይቨሩን ራሱ ያስተካክላል። ከዚያ ሴፍ ሞዱን አጥፉ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) መኖሩን እዩ። ካለ ለጊዜው አቁሙት፣ ሪከቨሪ ኪውን (መክፈቻ ቁጥሩን) ያዙ፣ ባዮስ ሲነካ ብዙ ጊዜ ይጠይቃልና። የሰው ላፕቶፕ ላይ ይህን ረስቶ ፋይሉ የተቆለፈበት ሰው አይቻለሁ፣ ማንም ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

አንዳንድ የኤሰር ሞዴሎች ላይ የቪኤምዲ ምርጫው ተደብቋል። ባዮሱ ውስጥ «ሜይን» የሚለው ገጽ ላይ ሆናችሁ ኮንትሮልና ኤስ አንድ ላይ ስትጫኑ ብቅ ይላል። ዴል፣ ኤችፒና ሌኖቮ ለመሥሪያ ቤት በሚሠሯቸው ሞዴሎች ላይ ደግሞ ከዊንዶውስ ውስጥ ሆኖ ባዮስ የሚቀይር መሣሪያ ስላላቸው በስክሪፕት ማድረግ ይቻላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ፎግን በተለመደው መንገድ ከተከላችሁት፣ ሴኪዩር ቡት (ያልተፈረመ ሶፍትዌር እንዳይነሳ የሚከለክለው) የበራባቸው ማሽኖች በኔትወርክ አይነሱም። ስለዚህ ለማንኛውም እያንዳንዱ ባዮስ ውስጥ ትገባላችሁ። ገና ካልገባችሁና ዲስኩን የምትጠርጉት ከሆነ፣ ሴኪዩር ቡቱን ስታጠፉ ቪኤምዲውንም በዚያው አጥፉት። አንድ ጉዞ፣ ሁለት ሥራ።

ሁለተኛው መንገድ፦ የተዘጋጀ አዲስ ከርነል ማምጣት

ሰዎች ድራይቨር ጎድሏል ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ድራይቨር ሳይሆን ዕድሜ ነው። ሲስተሙ የተተከለው ከዓመታት በፊት ነው፣ ላፕቶፑ አምና የተሠራ ነው፣ እንዴት ይተዋወቃሉ?

ፎግ ላይ በድረ ገጹ የኮንፊገሬሽን ክፍል ውስጥ ከርነል አፕዴት የሚል አለ። የተዘጋጁ ከርነሎችን ዘርዝሮ ያሳያችኋል፣ መርጣችሁ ታወርዳላችሁ። ፋይሉ ከ10 ሜጋባይት ብዙም አይርቅም፣ ስለዚህ በስልክ ኢንተርኔትም ይወርዳል። ከዚያ በኋላ በኔትወርክ የሚነሳ ማሽን ሁሉ አዲሱን ያገኛል። የነካችሁት አንድ ሰርቨር ብቻ ነው።

ግን ነገርን ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ የድሮውን ከርነል አትደምስሱት። አዲሱን በሌላ ስም አውርዱ። ፎግ በእያንዳንዱ ሆስት ገጽ ላይ የከርነል ስም የሚጻፍበት ቦታ አለው፣ እዚያ የአንዱን ላፕቶፕ ብቻ ወደ አዲሱ አዙራችሁ ሞክሩ። ከሠራ ለግሩፑ በሙሉ ስጡ። ካልሠራ ማንም አልተጎዳም፣ ሌላው ላብ በድሮው ይቀጥላል። አዲስ ከርነል አዲሱን ዲስክ አይቶ የድሮውን ማሽን ኔትወርክ ካርድ ሊያስቸግር ይችላል፣ ሁሉም ላይ በአንዴ መልቀቅ አይገባም።

ክሎንዚላ ላይ ከርነሉን ለብቻ አትቀይሩም፣ አዲሱን እትም በሙሉ ታወርዳላችሁ። ያ ደግሞ ከ400 እስከ 500 ሜጋባይት አካባቢ ነው። ሁለት ዓይነት አለው፣ በዴቢያን ላይ የተሠራውና በኡቡንቱ ላይ የተሠራው። አንዱ ዲስኩን ካላየ ሌላውን ሞክሩ፣ ከርነላቸው ስለሚለያይ አንዱ የማያየውን ሌላው የሚያይበት ጊዜ አለ። ሁለቱንም በአንድ ፍላሽ ላይ ይዤ ነው የምዞረው።

እዚህ ላይ የሚረሳ ጉዳይ አለ። ሊኑክሱ ዲስኩን አየው ማለት የዘረጋችሁት ዊንዶውስ ይነሳል ማለት አይደለም። ቪኤምዲው ከጠፋበት ማሽን የተወሰደ ኢሜጅ ቪኤምዲው በበራበት ማሽን ላይ ስታሳርፉት፣ ውስጡ የኢንቴል አርኤስቲ ድራይቨር (ዊንዶውሱ ከቪኤምዲ ጋር የሚነጋገርበት) ከሌለ ያው ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። ወይ ሁሉንም ማሽን አንድ ዓይነት ሁነታ ላይ አድርጉ፣ ወይ ዲአይኤስኤም በሚባለው የዊንዶውስ መሣሪያ ድራይቨሩን ቀድማችሁ ዊንዶውሱ ውስጥ አስገቡ።

ሦስተኛው መንገድ፦ ሞጁሉን ብቻ ማስገባት

ሊኑክስ ሲነሳ ከከርነሉ ጋር ኢኒትራምኤፍኤስ የሚባል ትንሽ የፋይል ጥቅል ወደ ራም ይጭናል። ብዙ ድራይቨሮች ሞጁል (ለብቻው የሚጫን የከርነል ቁራጭ) ሆነው እዚያ ውስጥ ይቀመጣሉ። የጎደለውን ሞጁል እዚያ ብናስገባውስ?

ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ግን የትኛው ሲስተም ላይ እንደሆናችሁ ይወስነዋል። ፎግ ላይ አይጠቅምም። የፎግ ከርነል ድራይቨሮቹን በሆዱ ይዞ ነው የሚሠራው፣ ከውጭ ሞጁል እንዲጭን ተብሎ የተዘጋጀ አይደለም። እኔ አዘዞ ላይ ግማሽ ቀን የፎግን ጥቅል እየፈታሁ እየጠቀለልኩ ነበር፣ ውጤቱ ባዶ።

ክሎንዚላ ላይ ደግሞ ሞጁሎቹ በዋናነት ያሉት ስኳሽኤፍኤስ በሚባለው ትልቁ የተጨመቀ ፋይል ውስጥ ነው፣ ትንሹ ጥቅል ሥራው ያንን ፋይል ፈልጎ ማግኘት ነው። ስለዚህ በቋሚነት ለመጨመር ስኳሽኤፍኤሱን ፈትታችሁ፣ ሞጁሉን አስገብታችሁ፣ ዴፕሞድ አስኬዳችሁ እንደገና ትጠቀልላላችሁ። አጭሩ መንገድ ግን ሌላ ነው። ሞጁሉን ፍላሹ ላይ አስቀምጡትና በቡት መስመሩ ላይ ኦሲኤስ_ፕሪረን በሚለው አርጉመንት ክሎንዚላ ከመጀመሩ በፊት በኢንስሞድ እንዲጭነው አድርጉ። ምንም ሳትፈቱ ሳትጠቀልሉ ይሠራል።

ይህ መንገድ በደንብ የሚያዋጣው የራሳችሁን የኢሜጅ ሲስተም በዴቢያን ወይም በኡቡንቱ ላይ ከሠራችሁ ነው። እንዲያውም እዚያ ላይ ችግሩ ብዙ ጊዜ አንድ ቃል ነው። የኢኒትራምኤፍኤስ ኮንፊግ ፋይል ውስጥ ሞጁልስ የሚለው «ዴፕ» ከሆነ፣ ጥቅሉ የሚይዘው የተሠራበት ማሽን የሚያስፈልገውን ሞጁል ብቻ ነው። በእናንተ ዴስክቶፕ ላይ ይነሳል፣ ሌላ ላፕቶፕ ላይ ዲስክ የለም ይላል። «ሞስት» አድርጉትና ጥቅሉን በአፕዴት-ኢኒትራምኤፍኤስ አድሱ። በድራኩት የምትሠሩ ከሆነ ሆስት-ኦንሊ የሚለውን አጥፉ። ዜሮ ኢንተርኔት፣ አምስት ደቂቃ።

የተለየ ሞጁል ለመጨመር ከፈለጋችሁ ደግሞ ከርነሉ ብዙ ጥቅሎችን ተከታትለው ቢመጡ ይቀበላል። ዋናውን ሳትነኩ ሞጁሉን ብቻ የያዘ ሁለተኛ ትንሽ ጥቅል ሠርታችሁ በኔትወርክ በሚያስነሳው በአይፒኤክስኢ ላይ በሁለተኛ መስመር ጨምሩት። ስህተት ከሠራችሁ ያንን መስመር ማጥፋት ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። ሞጁሉ ከርነሉ ከተሠራበት ቁጥር ጋር እስከ መጨረሻው አኃዝ መግጠም አለበት፣ ካልገጠመ «ኢንቫሊድ ሞጁል ፎርማት» ብሎ ይመልሰዋል። ሴኪዩር ቡት ከበራ ደግሞ ራሳችሁ የሠራችሁትን ያልተፈረመ ሞጁል ከርነሉ አይቀበልም።

አራተኛው መንገድ፦ ከርነሉን ራሳችሁ መገንባት

ብዙ ሰው ወደዚህ የሚሮጠው ቶሎ ነው። እኔ የምመክረው ከሁለተኛው መንገድ በኋላ ብቻ ነው፣ እሱም ተዘጋጅቶ የሚወርደው ከርነል ድራይቨሩ እንደሌለው በምርመራ ካረጋገጣችሁ።

የከርነሉ ምንጭ ተጨምቆ 140 ሜጋባይት አካባቢ ነው፣ ሲፈታና ሲገነባ ግን ብዙ ቦታ ይወስዳል፤ 20 ጊጋባይት ያህል ባዶ ቦታ ያዙ። ለፎግ ከሆነ ከባዶ አትጀምሩ። የፎግ ሰዎች የሚጠቀሙበትን የኮንፊግ ፋይል ጊትሀብ ላይ አስቀምጠውታል፣ እሱን መነሻ አድርጋችሁ የጎደለውን ብቻ ጨምሩ። ድራይቨሩን በሞጁልነት ሳይሆን በኮከብ ምልክት ምረጡት፣ ከርነሉ ውስጥ እንዲገባ።

ቪኤምዲን የምትፈልጉ ደግሞ ዲስክ በሚለው ሜኑ ውስጥ አትፈልጉት፣ አታገኙትም። ቪኤምዲ የፒሲአይ ድልድይ ድራይቨር ስለሆነ ያለው ፒሲአይ ሰፖርት፣ ከዚያ የፒሲአይ ኮንትሮለር ድራይቨሮች በሚለው ስር ነው። ባለ 32 ቢት ከርነል እየገነባችሁ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አይታይም፣ 64 ቢት ብቻ ነው የሚሠራው።

ባለ አራት ኮር ላፕቶፕ ላይ እንደ ኮንፊጉ ስፋት ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። መብራት ቢጠፋስ? እዚህ ላይ አትስጉ። ሜክ የሚባለው መሣሪያ የጨረሳቸውን ፋይሎች ትቶ ካቆመበት ነው የሚቀጥለው። መብራት ሲመጣ ያንኑ ትእዛዝ ድገሙት። ልክ በመጥፊያው ሰዓት እየተጻፈ የነበረ ፋይል ተበላሽቶ ስህተት ካወጣ ያንን አንዱን ደምስሳችሁ ቀጥሉ።

ትልቁ ዋጋው ኋላ ነው የሚመጣው። ይህን ከርነል ከዛሬ ጀምሮ የምታድሱት እናንተ ናችሁ። ቦታ ስትቀይሩ ኮንፊግ ፋይሉን ለተተኪው ካልተዋችሁ፣ ያ ሰው ከዜሮ ይጀምራል።

አምስተኛው መንገድ፦ የአምራቹ የውጭ ድራይቨር

አንዳንድ የሬይድ ካርድ አምራቾች ድራይቨራቸውን ለብቻ ይሰጣሉ። ለአንድ የተወሰነ ዲስትሮና ለአንድ የተወሰነ የከርነል ቁጥር ነው የሚዘጋጀው፣ ከርነሉ ሲታደስ እንደገና መገንባት አለበት። ለላፕቶፕ ላብ ጨርሶ አያስፈልግም። ሬድሃትን መሠረት ባደረገ ሲስተም አሮጌ ካርድ ለሚጠቀሙ ግን ኢኤልሬፖ የሚባለው የፓኬጆች ማከማቻ የተወገዱትን ድራይቨሮች አዘጋጅቶ ያቀርባል፣ ከአምራቹ ፋይል ይልቅ እሱን እመርጣለሁ።

ዲስኩን ነቅሎ በዩኤስቢ አስማሚ በሌላ ማሽን ላይ ኢሜጅ ማድረግም አለ። ለአንድ ለሁለት ማሽን ባክአፕ ጥሩ ነው፣ ባዮስም ድራይቨርም አያስነካም። ኢኤምኤምሲ ግን ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ አይነቀልም።

በአጭሩ ሲነጻጸር

| መንገድ | የሚነካው | ያለው ዊንዶውስ | ኢንተርኔት | መብራት ቢጠፋ | በኋላ ጥገናው |
|---|---|---|---|---|---|
| ባዮስ መቀየር | እያንዳንዱ ማሽን | ያለ ሴፍ ሞድ አይነሳም | ምንም | ችግር የለም | የለም |
| አዲስ ከርነል፣ ፎግ | ሰርቨሩ ብቻ | አይነካም | 10 ሜጋባይት አካባቢ | እንደገና ማውረድ | ቀላል |
| አዲስ እትም፣ ክሎንዚላ | ፍላሹ ብቻ | አይነካም | 400–500 ሜጋባይት | እንደገና ማውረድ | ቀላል |
| ሞጁል ማስገባት | ሰርቨሩ ወይም ፍላሹ | አይነካም | ትንሽ ወይም ምንም | ጥቅሉን እንደገና መሥራት | ከርነል በታደሰ ቁጥር |
| ከርነል መገንባት | ሰርቨሩ ብቻ | አይነካም | 140 ሜጋባይት አካባቢ | ካቆመበት ይቀጥላል | ከባድ፣ በእናንተ ላይ |
| የአምራች ድራይቨር | ሰርቨሩ | አይነካም | እንደ ካርዱ | እንደገና መጀመር | ከባድ |

ታዲያ ለማን የቱ?

ፒያሳ ላይ ጥገና ቤት ያላችሁ፣ በቀን አንድ ሁለት ላፕቶፕ የሚመጣላችሁ፦ ሁለት የክሎንዚላ እትም የያዘ ፍላሽ። የሰው ማሽን ስለሆነ ባዮስ መንካት የመጨረሻ አማራጫችሁ ይሁን፣ ስትነኩም በሴፍ ሞዱ መንገድ። ኢሜጁን ወስዳችሁ ስትጨርሱ ባዮሱን ወደ ነበረበት መመለስ አትርሱ።

ከ20 በላይ አንድ ዓይነት ማሽን ያለበት ላብ፣ ዲስኩም የሚጠረግ፦ ፎግ፣ ከአዲስ ከርነል ጋር። ባዮስ ውስጥ ገና ካልገባችሁ ግን ቪኤምዲውን በዚያው አጥፉትና ዊንዶውሱን ከዚያ በኋላ ጫኑ። የድራይቨር ጣጣ ከሥሩ ይቀራል።

የተደባለቀ ላብ፣ ግማሹ አሮጌ ግማሹ አዲስ፦ ሁለት ከርነል በሁለት ስም፣ በግሩፕ ተከፋፍሎ። ሁሉንም በአንድ ከርነል ለማስኬድ አትታገሉ።

ደባርቅ ወይም ቆላ ድባ ሄዳችሁ ኢንተርኔት በሌለበት የምትሠሩ፦ ከመውጣታችሁ በፊት የላፕቶፑን ሞዴል በስልክ ጠይቁ። ከተቻለ አንዱን ቀድመው እንዲያመጡላችሁ አድርጉና ጎንደር ላይ ሞክሩት። አዲሱን ከርነልም፣ ሁለቱን ክሎንዚላም፣ የኢንቴል አርኤስቲ ድራይቨርንም ይዛችሁ ውጡ። መንገድ ከጀመራችሁ በኋላ የሚቀራችሁ የመጀመሪያው መንገድ ብቻ ነው።

ሪማፕድ የሚለውን መስመር ያያችሁ፣ በጀታችሁም ብዛታችሁም ምንም ይሁን፦ ኤኤችሲአይ።

አዘዞ ላይ በመጨረሻ የሠራው ሁለተኛው መንገድ ነበር። ሴኪዩር ቡቱን አንድ ቀን ቀድመን 24ቱም ላይ አጥፍተን ስለነበር እንደገና 24 ባዮስ መግባት አልፈለግንም፣ ዋናው ላፕቶፕም በቪኤምዲ ተዘጋጅቶ አልቋል። ከርነሉን በስልኬ ኢንተርኔት አወረድኩት፣ በሌላ ስም፣ ለአንድ ላፕቶፕ ብቻ። ዲስኩ ታየ። ከዚያ ለግሩፑ ሰጠሁት። ማሽኖቹ አንድ ሞዴል ስለሆኑና ሁሉም ቪኤምዲያቸው የበራ ስለሆነ ዊንዶውሱ ያለ ሰማያዊ ስክሪን ተነሳ። የክፍሉ ኃላፊ የላፕቶፑን ሞዴል፣ የከርነሉን ስምና ቁጥር፣ ባዮሱ ያለበትን ሁነታ ጠይቀውኝ በእጃቸው በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉና ሰርቨሩ ጎን ላይ ለጠፉት።